የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ልጅ የትኛው ሽልማት ይሻላል?

በጥርስ ሕክምና መጠበቂያ ክፍል ጥቂት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው የተስፋ ቃል እንደ ጉድ ሲዘንብ ይሰማል። አንዷ እናት «ካላለቀስክ ከረሜላ አለህ» ትላለች። ከጎኗ ያለው አባት ዋጋውን እያሳደገ ብስክሌት ደርሷል። ስሙ የተጠራው ልጅ ግን ከረሜላውንም ብስክሌቱንም ረስቶ የበሩን እጀታ አንቆ ይዟል።

እዚህ የጠፋው ሽልማት አይደለም። ተለጣፊ ሥዕል አለ፤ ትንሽ መጫወቻ፣ ስኳር አልባ ከረሜላ፣ የኮከብ ሰንጠረዥ፣ የፊልም ሰዓት፣ የመናፈሻ ጉዞ፣ ገንዘብም አለ። ሐኪሙ በበኩሉ መሳቢያ ሙሉ ነገር ያስቀምጣል። ምርጫ ሲበዛ ወላጅ ዓይን የሚስበውን ያነሳል፤ ዓይን የሚስበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኪናው መቀመጫ ሥር ወድቆ የሚቀረው ነው። ስለዚህ ከዕቃው በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ሽልማቱ ምን እንደሆነ ብዙም አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ለየትኛው ድርጊትና በየትኛው ደቂቃ እንደተሰጠ ነው። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ሽልማት የማይፈታው

የታመመን ጥርስ ሽልማት አያደነዝዘውም። ልጁ የሚጮኸው ማደንዘዣው በደንብ ስላልያዘ ከሆነ መፍትሔው ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ወይም ማደንዘዣ መጨመር ነው። ሕመም ላይ ላለ ልጅ መጫወቻ ማውለብለብ ሕመሙን እንደ መናቅ ይቆጠራል፤ ልጁም በሚቀጥለው ጊዜ አያምነንም።

ፍርሃትም ቢሆን መድኃኒቱ ሌላ ነው። የልጆች ጥርስ ሐኪሞች «መንገር፣ ማሳየት፣ ማድረግ» የሚሉት ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በሙያው ጽሑፎች ሰፍሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሐኪሙ ስለ መሣሪያው በቀላል ቃል ይናገራል፤ የሚሽከረከረውን ማጽጃ ብሩሽ በልጁ የጣት ጥፍር ላይ አድርጎ ያሳያል፤ ወደ አፍ የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሽልማት ይህን ሥራ አይተካም፤ ተከትሎት ይመጣል እንጂ።

በሙያው የልጁን አቀባበል ለመመዝገብ የሚያገለግለው የፍራንክል መለኪያ (እ.ኤ.አ. 1962) አራት ደረጃ አለው፤ ከፍጹም እምቢታ ይጀምርና ደስ ብሎ እስከ መተባበር ይደርሳል። በእኔ ግምት ሽልማት ጉልበት የሚኖረው በመካከለኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው፦ ቅር እያለው የሚሰማ ልጅና እየፈራ የሚታዘዝ ልጅ። አፉን ለጉሞ ለሚራገጠው ልጅ ቀጠሮ መቀየር፣ ያለ ሕክምና መጥቶ ወንበሩን መለማመድ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ የሚወስነው ማረጋጊያ መድኃኒት ይሻለዋል። ደስ ብሎት የተቀመጠውንስ? እሱን ለመሸለም መቸኮል አያስፈልግም፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

3 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ «ይህን ካደረግህ ያንን ታገኛለህ» የሚል ውል አይዝም። ለእሱ ሐኪሙና እናቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ እሱን በጭናቸው ላይ አጋድመው የሚያደርጉት አጭር ምርመራና ከዚያ በኋላ እቅፍ ማድረግ ይበቃዋል።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ቀዳሚው ፍጥነት ነው። ድርጊቱና ሽልማቱ በተራራቁ ቁጥር የሚያገናኛቸው ክር ይበጠሳል። ሰኞ አፉን ከፍቶ ቅዳሜ የሚሸለም የ4 ዓመት ልጅ፣ ቅዳሜ የሚያስበው ስለ ቅዳሜ ነው። የ10 ዓመቷ እህቱ ግን ሳምንት መጠበቅ አያቅታትም። ስለዚህ የሽልማቱ ፍጥነት ከልጁ ዕድሜ ጋር ይመዘናል።

ሁለተኛው ሽልማቱ የሚታሰርበት ድርጊት ነው፤ ብዙው ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። «ጨዋ ሁን» የሚባል ድርጊት የለም። «አታልቅስ» ደግሞ ልጁ የማይቆጣጠረውን ነገር መጠየቅ ነው፤ እንባ በትእዛዝ አይቆምም። እያለቀሰ አፉን የከፈተ ልጅ ለሐኪሙ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጥቷል፤ እሱን መከልከል ፍትሕ አይሆንም። ሽልማት መታሰር ያለበት በሚታይና በልጁ አቅም ባለ ነገር ላይ ነው፦ እጅን ሆድ ላይ ማድረግ፣ እስከ አሥር እስኪቆጠር አፍን ከፍቶ መቆየት፣ እግርን አለማንቀሳቀስ፣ በአፍንጫ መተንፈስ።

ሦስተኛው ደህንነት ነው፤ ለጥርስም ለጉሮሮም። አራተኛው ሽልማቱ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚተወው ነገር ነው። ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል ወይስ «እችለዋለሁ» የሚል ስሜት ይዞ ይመጣል? አምስተኛው ወጪ ነው። ወጪ ስል ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ቤት የቀሩት ወንድምና እህት «የእኔስ?» ሲሉ የሚመጣው ጭቅጭቅም ይቆጠራል።

ስለ አራተኛው ነጥብ ትንሽ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ባሳተሙት ጥናት፣ በቀለም እስክሪብቶ መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ከሳለ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጠው አስቀድሞ ተነገረው፤ ሌላው ሳይጠብቅ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሳሉት ልጆች በራሳቸው ፈቃድ ለመሳል የሚያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ላይ እንዲህ ዓይነት ጉዳት አልታየም። ይህን ጥናት እየጠቀሱ ሽልማትን ሁሉ የሚያወግዙ ሰዎች አሉ። ጥናቱ የሚናገረው ግን ልጁ አስቀድሞ ስለሚወደው ነገር ነው። ጥርስ ማስሞላት የሚወድ ልጅ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን የሚበላሽ ፍቅር የለም። ወንበሩ ከፍና ዝቅ ሲል የሚስቀው፣ መስታወቷን ይዞ ጥርሱን ለመቁጠር የሚጓጓው ልጅ ግን ሌላ ነው። እሱ ላይ የሽልማት ውል መጫን ጨዋታውን ወደ ሥራ መለወጥ ነው። ከፈለጉ ሳይነግሩት በመጨረሻው ላይ ይስጡት።

ድርጊቱን የሚጠራ ሙገሳ

ዋጋው ምንም ነው፤ ከአፍ ይወጣል፤ በዚያው ሰከንድ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ሰው አይችልበትም። «ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ» እያሉ መደርደር ልጁ የትኛው ሥራው እንደተወደደ አይነግረውም፤ ከአንገት በላይ እንደሆነም ቶሎ ይገባዋል። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «መምጠጫው ሲጮህ እጅህ ከሆድህ ላይ አልተነሳም።» «አሁን ሰፋ አድርገሽ ከፈትሽው፤ የኋላው መንጋጋ ታየኝ።» ልጁ ድርጊቱን በስሙ ሲሰማ ይደግመዋል።

«ጀግና» የሚለውን ማዕረግ ግን ቆጥቦ መጠቀም ይበጃል። ጀግና የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እንባው ከመጣ ጀግንነቱ ተገፈፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ ብልህነታቸው የተሞገሱ ተማሪዎች ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው ስለ ጥረታቸው ከተሞገሱት ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል። ጥናቱ ስለ ጥርስ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለወንበሩም ይሆናል።

ደካማ ጎኑ የሰጪው ማንነት ነው። በሥራው መሐል ልጁ የሚሰማው የሐኪሙን ድምፅ ነው። ወላጅ ከጥግ ሆኖ ሲጨምርበት ሁለት አዛዥ ይሆናል፤ ስለዚህ በሕክምናው ወቅት ሙገሳውን ለሐኪሙ ይተዉለት፤ የእርስዎ ተራ ከወንበሩ ሲወርድ ነው።

የአፍታ እረፍት

ብዙ ወላጅ ይህን ከሽልማት አይቆጥረውም። እኔ ግን በንጽጽሩ ቀዳሚውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። ወንበር ላይ ያለ ልጅ በዚያ ደቂቃ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ምንድን ነው? መጫወቻ አይደለም፤ ነገሩ እንዲቆምለት ነው። የሚፈልገውን ነገር ሽልማት ማድረግ እንችላለን ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ «አምስት እስክቆጥር ጸጥ ብለህ ከተኛህ መሣሪያውን አወጣለሁ» ይላል። ልጁ ይተኛል፤ አምስት ይቆጠራል፤ መሣሪያው ይወጣል፤ ልጁ ይተነፍሳል፣ ይውጣል፣ አፉን ይዘጋል። ቀጥሎ ስምንት፣ ከዚያ አሥራ አምስት። ኪት አለንና ትሬቨር ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ያለውን እረፍት ከትናንሽ ሽልማቶች ጋር አጣምረው፣ አስቸጋሪ የነበሩ ልጆች ረብሻቸው እንደቀነሰ አሳይተዋል።

የዚህ ዘዴ ሌላው ገጽ ልጆች መጥፎ ልማድን እንዴት እንደሚማሩትም ያስረዳል። ልጁ ሲራገጥና የሐኪሙን እጅ ሲገፋ ሥራው የሚቆም ከሆነ እረፍቱን ያገኘው በመራገጥ ነው፤ ነገም ይራገጣል። ስለዚህ እረፍቱ ከረብሻው በፊት መድረስ አለበት። ልጁ አምስት እስኪቆጠር መቆየት ካልቻለ እስከ ሦስት ይሁን፤ ዋናው ነገር ሳይሸነፍ መድረሱ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የእጅ ምልክት ነው፦ «ግራ እጅህን ካነሳህ እቆማለሁ።» ምልክቱ የሚሠራው ሐኪሙ በእርግጥ ሲቆም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እጅ ተነስቶ «ትንሽ ብቻ ቀረኝ» ከተባለ ውሉ ፈርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው እጅ የሐኪሙን ክንድ ለመያዝ ነው።

ጉድለቱ፣ ወላጅ ብቻውን ሊያደርገው አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «በመሐል እረፍት ትሰጣላችሁ? ልጁስ ምልክት ይሰጣል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ስለ ክሊኒኩ ከግድግዳው ሥዕል የበለጠ ይነግርዎታል።

ተለጣፊ ሥዕልና ማኅተም

ርካሽ ነው፤ ወዲያው ይደርሳል፤ ጥርስ አያበላሽም። ከ3 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲወጡ ለሚያዩት ሁሉ ያሳያሉ፤ ይህም ራሱ ሁለተኛ ሙገሳ ያመጣላቸዋል። ከ8 ዓመት በኋላ ኃይሉ ይደክማል፤ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ሊሰደብ የተሰጠው ይመስለዋል። በትልልቅ ልጆች ላይ አይሞክሩት።

ትንሽ መጫወቻ

የመሳቢያው ንጉሥ ይህ ነው። ጥቅሙ ልጁ ራሱ መምረጡ ነው፤ በምርጫው ደቂቃ ወንበሩን ይረሳል። ከቤት ሲደርስ ግን አብዛኛው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ይገኛል፤ ደስታውም አብሮ ያልቃል።

ደህንነቱን ማየት ግድ ነው። ለ3 ዓመት በታች ልጆች የሚሠሩ መጫወቻዎች ላይ ሊያንቅ የሚችል ትንሽ ክፍል ለመለየት የሚያገለግለው ቱቦ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ይህ መለኪያ ከሌለ የመጸዳጃ ወረቀት የሚጠቀለልበት ካርቶን ቀላል መፈተሻ ይሆናል፤ ከእሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ጥንቃቄው ይበልጣል። በካርቶኑ ውስጥ አልፎ የሚወድቅ ነገር ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ታናሽ ሕፃን ካለም ይህ ይታሰብ፤ የ6 ዓመቱ ልጅ ሽልማት ማታ ላይ የሕፃኑ እጅ ውስጥ ይገኛል።

ሁለት ነገሮች ከነአካቴው ይቅሩ። አንዱ የአዝራር ባትሪ የያዘ የሚበራ መጫወቻ ነው፤ የተዋጠ ባትሪ በምግብ ቧንቧ ውስጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ሌላው ብዛት ያላቸው ጠንካራ ማግኔቶች ናቸው፤ ሁለት ሆነው ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ ግራና ቀኝ ይሳሳቡና ሥጋውን ይበሱታል። ፊኛም የሚታመን አይደለም፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከላቴክስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አለርጂ ያለበትን ልጅ ይጎዳል።

ከረሜላ

«አንድ ቀን ምን ያመጣል?» የሚለውን ክርክር እሰማለሁ። አንድ ከረሜላ ጥርስ አይበሳም፤ ልክ ነው። ነገር ግን የተቦረቦረ ጥርስ አስሞልቶ ስኳር መሸለም ለልጁ የሚናገረው መልእክት ግራ ያጋባል፤ የሐኪሙን ምክርም ባዶ ያደርጋል።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በጥርስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (አሲድ ሲበዛ የሚወርደው መለኪያ) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ የጥርስ ገለፈት ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ ወደ ነበረበት እስኪመልሰው ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ይወስዳል። ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው የስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን በአፍ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ በእንጨት ላይ ተተክሎ ቀስ እያለ የሚላሰው ከረሜላ ከሁሉ የሚከፋውም ለዚህ ነው።

ስኳር አልባውስ? ዛይሊቶል በተባለው የስኳር ምትክ የጣፈጠው ይሻላል፤ የአፍ ባክቴሪያዎች አሲድ አይሠሩበትም። ሆኖም ኮምጣጣ ጣዕም ያላቸው ስኳር አልባ ከረሜላዎች ሲትሪክ አሲድ ስለሚጨመርባቸው ገለፈቱን በቀጥታ ይሸረሽራሉ፤ በርከት ብለው ከተበሉ ደግሞ ሆድ ያስቀምጣሉ። ቤት ውሻ ካለ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነውና ትርፉ ከልጁ እጅ እንዳይወድቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው አይመችም። ማደንዘዣ የተወጋ ልጅ ከንፈሩና ምላሱ ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ደንዝዞ ይቆያል፤ የሚያኝክ ነገር ከተሰጠው ከረሜላውን ትቶ ከንፈሩን ያኝካል። ማታ ያበጠና የቆሰለ ከንፈር ያዩ ወላጆች ሕክምናው የተበላሸ ይመስላቸዋል። የፍሎራይድ ቅብ የተቀባ ልጅም ለጥቂት ሰዓት ጠንካራና የሚጣበቅ ነገር እንዳይበላ ይነገረዋል። ያም ሆነ ይህ ከረሜላ ከክሊኒክ ሲወጡ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም።

የኮከብ ሰንጠረዥ

ብዙ ቀጠሮ ላለው ልጅ ይህ ጥሩ ነው። በየቀጠሮው ለተስማማችሁበት ድርጊት ኮከብ ይሰጣል፤ የተወሰነ ቁጥር ሲሞላ ልጁ አስቀድሞ የመረጠውን ያገኛል። ትናንሹ ኮከብ የዛሬውን ፍጥነት፣ ትልቁ ሽልማት የነገውን ትዕግሥት ይይዛል። ከ5 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይሠራል።

ሁለት ሕግ ይበቃዋል። የተገኘ ኮከብ አይነጠቅም፤ በሚነጠቅበት ቤት ሰንጠረዡ የቅጣት መዝገብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ኮከብ በጣም ቀላል ይሁን፤ በሩን አልፎ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ብቻ ቢሰጥ አይከፋም። በየቀኑ ጥርስ ከመቦረሽ ጋር ካያያዙት የሰንጠረዡ ዕድሜ ከቀጠሮዎቹ ይረዝማል፤ ጥቅሙም ወደ ጥርሱ ይመለሳል።

አብሮ የሚያሳልፉት ጊዜ

የመናፈሻ ጉዞ፣ የማታውን ጨዋታ ልጁ መምረጡ፣ አንድ ምዕራፍ ተጨማሪ ማንበብ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ዕድሜ ይስማማዋል። ወንድምና እህትም አብረው ስለሚደሰቱበት ምቀኝነት አያመጣም። ችግሩ መዘግየቱ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ክሩ እንዳይበጠስ ከክሊኒኩ በቀጥታ ወደዚያው መሄድ ወይም የሚሄዱበትን ቦታ ሥዕል ይዞ ወደ ክሊኒኩ መግባት ያስፈልጋል። ቃሉን ማጠፍ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ዝናብ ዘነበ፣ ሥራ መጣ ተብሎ የቀረ ጉዞ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይዞ ይወድቃል፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት የማይፈጽሙትን አይናገሩ።

ስክሪን

በጣራው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ወይም ጡባዊ ኮምፒውተር በዋናነት ሐሳብ ማስቀየሪያ ነው። ሽልማት የሚሆነው ምስሉ ልጁ ሲተባበር ሲቀጥል፣ ሲራገጥ ደግሞ ሲቆም ነው። በመርፌው ወቅት ግን ማጥፋቱን አልደግፍም፤ በዚያ ሰዓት ልጁን ከማስተማር ይልቅ ማሳለፍ ይቀድማል። የጆሮ ማዳመጫ ከተደረገበት ልጁ ሐኪሙን አይሰማም፤ ሙገሳውም ይጠፋል።

ገንዘብና ትልልቅ ስጦታዎች

ለትንሽ ልጅ ገንዘብ ትርጉም የለውም፤ ለትልቁ ደግሞ ድርድር ይከፍታል። ብስክሌትና ስልክ የመሰሉት ስጦታዎች ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ልጁ «ይህን ያህል የሚከፈልበት ነገር ምን ያህል ቢያስፈራ ነው?» ብሎ ይገምታል። ግምቱም ትክክለኛ አመክንዮ አለው። ከዚህ በኋላ ያለው ቀጠሮ ሁሉ ከብስክሌት ይጀምራል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ፍጥነት | ደህንነት | ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚተወው | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| ድርጊቱን የሚጠራ ሙገሳ | በዚያው ሰከንድ | ሙሉ | «እችለዋለሁ» የሚል ስሜት | የለም | ሁሉም ዕድሜ |
| የአፍታ እረፍት | በሥራው መሐል | ሙሉ | በሐኪሙ ላይ እምነት | የሐኪሙ ጊዜ | ከ3 ዓመት ጀምሮ |
| ተለጣፊ ሥዕል | ወዲያው | ጥሩ | መጠነኛ | በጣም ትንሽ | ከ3 እስከ 7 ዓመት |
| ትንሽ መጫወቻ | ወዲያው | ምርመራ ይፈልጋል | ቶሎ ይረሳል | ትንሽ | ከ4 እስከ 9 ዓመት |
| ባለ ስኳር ከረሜላ | ወዲያው | ደካማ | የተምታታ መልእክት | ትንሽ | አይመከርም |
| የኮከብ ሰንጠረዥ | ኮከቡ ወዲያው፣ ሽልማቱ በኋላ | ሙሉ | ጠንካራ | ትንሽ፣ ክትትል ይፈልጋል | ብዙ ቀጠሮ ላለው |
| አብሮ የሚያሳልፉት ጊዜ | ይዘገያል | ሙሉ | ጥሩ፣ ቃሉ ከተጠበቀ | ከምንም እስከ መካከለኛ | ሁሉም፣ በተለይ ከ6 ዓመት በላይ |
| ስክሪን | በሥራው መሐል | ጥሩ | መጠነኛ | በክሊኒኩ ዕቃ ይወሰናል | ከ4 ዓመት ጀምሮ |
| ገንዘብ፣ ትልቅ ስጦታ | ይዘገያል | ይለያያል | የዋጋ ንረት | ከፍተኛ | አይመከርም |

እንደ ሁኔታው ሲመረጥ

የመጀመሪያ ጉብኝት ከሆነና የሚሠራ ሥራ ከሌለ የሽልማት ውል አያስፈልግም። ጥርሱን ያስቆጥር፤ የወተት ጥርስ ሲሟላ ሃያ ነውና አብራችሁ ቁጠሩ፤ ሲወጣ ሳይጠብቅ ተለጣፊ ቢያገኝ በቂ ነው።

መርፌና መሙላት ወይም መንቀል ለሚጠብቀው ልጅ እረፍቱና የእጅ ምልክቱ መሠረት ይሁኑ፤ ሙገሳው በላዩ ይምጣ፤ በመጨረሻ ትንሽ መጫወቻ ወይም ቀጥታ ወደ መናፈሻ። ሦስቱ አንድ ላይ ከባድ ወጪ የላቸውም።

በተከታታይ አራት አምስት ጊዜ ለሚመላለስ ልጅ ሰንጠረዡን ይያዙ። በየቀጠሮው መጫወቻ መስጠት ግን በሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ገንዘብ ለማያወጣ ቤተሰብ የሚቀርበት ነገር የለም። በንጽጽሩ ሚዛን የደፉት ሁለቱ አማራጮች፣ ሙገሳውና የአፍታ እረፍቱ፣ ከኪስ ምንም አያስወጡም፤ ወረቀት ላይ በእጅ የተሳለ ኮከብም ከተገዛው አያንስም።

ኦቲዝም ላለበት ወይም ረጅም ማብራሪያ ለሚያስቸግረው ልጅ ሁለት ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ይጠቅማል፦ «መጀመሪያ ጥርስ፣ ከዚያ ዥዋዥዌ»። ሐሳቡ የሥነ ልቦና ሊቁ ዴቪድ ፕሪማክ ካስተማረው ጋር ይገጥማል፤ ልጁ በራሱ ፈቃድ አዘውትሮ የሚያደርገው ነገር የማይወደውን ነገር እንዲያደርግ ማበረታቻ ይሆናል። እዚህ ላይ ሽልማቱን የሚመርጠው የልጁ ልዩ ፍቅር ነው፤ ለአንዱ የሚሽከረከር ጎማ ማየት፣ ለሌላው ከባድ ብርድ ልብስ ውስጥ መጠቅለል ሊሆን ይችላል። የክሊኒኩ ድምፅና መብራት የሚረብሸው ከሆነ ደግሞ ከማናቸውም ሽልማት በፊት ጥቁር መነጽርና የጆሮ መከለያ ይቅረቡ።

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ሽልማት የሚለውን ቋንቋ መተው ይሻላል። ከሐኪሙ ጋር ራሳቸው ይነጋገሩ፤ የሚሰሙትን ሙዚቃ፣ የቀጠሮውን ሰዓት፣ የእረፍቱን ብዛት ይምረጡ። ለእነሱ መከበር ይበቃል።

ቃሉ የሚሰጥበት ሰዓት

ከመሄዳችሁ በፊት የተስማማችሁበት ነገር ሽልማት ነው። ልጁ መሬት ላይ ተንከባልሎ እየጮኸ የሚቀርብለት ያው ዕቃ መደለያ ሆነ ማለት ነው፤ የተከፈለውም ለጩኸቱ ነው። ስለዚህ ውሉን ቤት ውስጥ፣ በረጋ ሰዓት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ፦ «ሐኪሟ ስትቆጥር አፍሽን ከፍተሽ ከቆየሽ ስንወጣ ተለጣፊ ትመርጫለሽ።» «አያምሽም» የሚለውን አይጨምሩበት፤ ሕመምን ያላሰበች ልጅ በዚያ ቃል ማሰብ ትጀምራለች፤ ትንሽ ከተሰማት ደግሞ ዋሽተዋታል።

ውሉ ሳይፈጸም የቀረ እንደሆነ ተለጣፊው አይሰጥም፤ ስድብና ማስፈራራትም አይከተልም። ያደረገችው አንድ ነገር አይጠፋም፤ ወንበሩ ላይ ወጥታ ከሆነ እሱ ይነገራት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠየቀው ድርጊትም ከዚያው ይጀምር። ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሟን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ልጅቷ የትኛው ላይ እንደተባበረች፣ የትኛው ላይ እንደተቸገረች፣ እስከ ስንት ሲቆጠር እንደቆየች በካርዷ ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሐኪም ቢገጥማት ቆጠራው ከአንድ አይጀምርም።